«ሙድ» የተባለው ቃል በመዝገብና በሰው አፍ

ስለ አማርኛ ቋንቋ የሚቆረቆሩ መምህራንና ጸሐፊዎች ዘወትር ከሚያሰሟቸው ወቀሳዎች አንዱ፥ ወጣቱ የእንግሊዝኛን ቃል ከመዝገበ ቃላት ፍቺው አውጥቶ እንዳሻው ይናገርበታል የሚለው ነው። ለወቀሳውም ማስረጃ ሆነው ከሚጠቀሱት ቃላት መካከል «ሙድ» የሚባለውን ያህል የተለመደ ያለ አይመስለንም። በአዲስ አበባ ከተማ በልደታ፥ ከተግባረ እድ ትምህርት ቤት ደጃፍ ጀምሮ እስከ ፍርድ ቤቱ ግቢ ድረስ ለሚመላለስ ሰው ይህ ቃል በየታክሲው፥ በየሻይ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጆሮው ሳይገባ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ተማሪ ለባልንጀራው ሲያወራ፥ የታክሲ ረዳት ከተሳፋሪ ጋር ሲጨቃጨቅ፥ እናትም ልጇን ስትገሥጽ ሳይቀር ይነገራል።

ይሁን እንጂ ቃሉን የሚወቅሱትም ሆኑ የሚናገሩበት ሰዎች፥ ትርጉሙ ከየት እንደ መጣና በአማርኛ ውስጥ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሲመረምሩ እምብዛም አይታዩም። ወቃሾቹ የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ገልጠው «እንዲህ አይልም» ብለው ይዘጉታል፤ ተናጋሪዎቹም «የአራዳ ቋንቋ ነው» ብለው ያልፉታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ወገኖች የተዉትን ምርመራ በመጠኑ መሞከር ነው።

በመጀመሪያ የመዝገበ ቃላቱን ፍቺ እንይ። በእንግሊዝኛ «ሙድ» ማለት አንድ ሰው በአንድ ወቅት የሚገኝበት የመንፈስ ሁኔታ፥ ይኸውም ደስታው ወይም ትካዜው፥ መፍታታቱ ወይም መኰሳተሩ ነው። አንድ ግጥም ወይም አንድ ሥዕል በተመልካቹ ልብ የሚያሳድረውም ስሜት በዚሁ ስም ይጠራል። የቃሉ ታሪክ ግን ከዚህ ይሰፋል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ልብን፥ ኅሊናን፥ ወኔን፥ እንዲሁም ትዕቢትን ያመለክት ነበር፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነው የጀርመንኛ ቃልም ዛሬ ድፍረትና ወኔ ማለት ነው። በሰዋስው ትምህርት ደግሞ ሌላ «ሙድ» አለ። እርሱ ከላቲኑ «ሞዱስ» የወረደ ሲሆን፥ በእኛ የግእዝ መምህራን ዘንድ «ዘንድ አንቀጽ» እና «ትእዛዝ አንቀጽ» እየተባለ የሚለየውን የግሥ አነጋገር ይመስላል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ተመሳሰሉ እንጂ በዘር አይገናኙም።

ከዚህ የምንረዳው በገዛ አገሩም ቢሆን ቃሉ በአንድ ፍቺ ረግቶ እንዳልኖረ ነው። ቀድሞ ወኔ የነበረው ውሎ አድሮ ኀላፊ ስሜት ሆኗል። በዘመናችንም የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ወጣቶች አንድ ሥዕል ወይም አንድ ነገር ሲያዩ ቃሉን ብቻውን ጣል አድርገው «የእኔም ስሜት ይኸው ነው» ለማለት ይጠቀሙበታል። እንግዲህ የልደታውን ልጅ በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት የምንከሰው ከሆነ፥ የእንግሊዙን ልጅም አብረን ልንከስ ይገባናል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ አነጋገር እንመለስ። በዚህ ከተማ ቃሉ ቢያንስ በአራት መንገድ ሲነገር እናገኘዋለን። አንደኛ፥ «ዛሬ ሙድ የለኝም» የሚል ሰው ለሥራም ሆነ ለጨዋታ ልቤ አልተነሣሣም ማለቱ ነው። ሁለተኛ፥ «ሙድ ያለው ቤት» ወይም «ሙድ ያለው አለባበስ» ሲባል ለዛ ያለው፥ ዐይን የሚስብ ማለት ነው። ሦስተኛ፥ «ሙዱ ገብቶኛል» ሲባል የሰውዬውን ጠባይ ወይም የነገሩን አካሄድ ተረድቻለሁ ማለት ነው። አራተኛውና ከሁሉ ይልቅ የሚሰማው «ሙድ ያዘብኝ» የሚለው ነው፤ ይኸውም አፌዘብኝ፥ አላገጠብኝ፥ መሣቂያ አደረገኝ ማለት ነው። ከዚህም «ሙደኛ» የሚል ቅጽል ተወልዶ እንደ «ቀልደኛ» እና እንደ «ነገረኛ» ይነገራል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ጋር በቀጭንም ቢሆን በአንድ ክር ይያያዛሉ። ስሜት ለዛን ይወልዳል፤ የሰውን ስሜት ያወቀም ጠባዩን ያውቃል። አራተኛው ግን በእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ቢፈልጉት አይገኝም። ለዚህም ነው በእንግሊዝኛ ድርሰቱ ላይ «በእኔ ላይ ሙድ ያዘ» የሚለውን ቃል በቃል ያስቀመጠ ተማሪ መምህሩን ግራ የሚያጋባው። መምህሩ በቀይ እርሳስ ቢሰርዝበት ትክክል ነው፤ ድርሰቱ እንግሊዝኛ ነውና። ይኸው መምህር በአማርኛው ድርሰት ላይ «ይህ የእንግሊዝኛው ፍቺ አይደለም» ብሎ ቢሰርዝ ግን የሰረዘበት ምክንያት አይጸናም።

ስለ ምን አይጸናም? የአራተኛውን ትርጉም የሠራው አማርኛ ራሱ ስለሆነ ነው። በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሁለት የአማርኛ መሣሪያዎች አሉ። የመጀመሪያው «ያዘ» የሚለው ግሥ ነው። አማርኛ በዚህ ግሥ ብዙ የልብ ነገሮችን ያስራል፤ ቂም ያዘ፥ ነገር ያዘ፥ እፍረት ያዘኝ እንላለን። «ሙድ ያዘ» የተባለውም በዚሁ አሮጌ ቅርጽ ላይ የተቀረጸ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ ደግሞ «ብ» የምትለው ትንሽ ፊደል ናት። ሳቀ እና ሳቀብኝ፥ ዘነበ እና ዘነበብኝ፥ ቀለደ እና ቀለደብኝ ምን ያህል እንደሚራራቁ አማርኛ የሚናገር ሕፃን ያውቀዋል። በልደታ ፍርድ ቤት ደጅ የቆመ ባለጉዳይም «ፈረደልኝ» እና «ፈረደብኝ» በሚሉት መካከል ያለችው የአንዲት ፊደል ልዩነት የቤቱ ወይም የርስቱ ዕጣ መሆኗን ያውቃል።

እንግዲህ «ሙድ ያዘብኝ» ያለው ሰው የተጎዳ መሆኑን የሚነግረን «ብ» የምትለው ናት። ከዚህም የተነሣ «ሙድ ያዘልኝ» የሚል ሰው አይሰማም። ከእንግሊዝኛ የመጣው ድምፁ ብቻ ነው፤ ፍርዱን የሰጠው የአማርኛ ሰዋስው ነው። ተበላሸ ከተባለም የተበላሸው አማርኛው አይደለም፤ አማርኛው የጥንት ሥራውን በደንብ ሠርቷል።

ይህ ዐይነቱ ነገር በቋንቋችን አዲስ እንዳልሆነ ለማየት ከልደታ መራቅ አያስፈልግም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በልደታ በኩል ያልፋል። «ባቡር» የሚለው ስም የመጣው በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ከሚባለው ቃል ነው። የዛሬው ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ኀይል ሲሆን እንፋሎት የሚባል ነገር የለውም፤ ስሙን ግን ማንም አልነቀፈውም። እንዲያውም በአንዳንድ የገጠር ቦታ የእህል ወፍጮው ሳይቀር ባቡር ይባላል። «መኪና» የተባለውም የጣልያንኛ ቃል ትርጉሙ ማንኛውም የሚሠራ መሣሪያ ነበር። እኛ በጎማ ለሚሄደው ሰጠነው፤ የድሮው ፍቺ «የልብስ ስፌት መኪና» በሚለው ውስጥ ተደብቆ ቀርቷል። ባቡርና መኪና በመዝገበ ቃላት ፍቺያቸው ቢፈረድባቸው ኖሮ ዛሬ ምን ብለን እንደምንጠራቸው አንድዬ ያውቃል።

የእንግሊዝኛ ቃላት በብዛት የገቡበትም መንገድ እንዲሁ የታወቀ ነው። ከ1933ቱ ነፃነት በኋላ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማስተማሪያ ሆነ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ከልደታ ሜዳ ወደ ካይሮ አደረገ። የመንገደኛው በረራ ወደ ቦሌ ከተዛወረ ስድሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ በአካባቢው ያለው ሠፈር ግን ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። ስለዚህ ልደታ ለእንግሊዝኛ ቃል እንግዳ አይደለችም። አውሮፕላኑ ሲሄድ ስሙ ቀርቷል።

እስከዚህ ድረስ ለቃሉ የተሟገትን ይመስላል። አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንለፍ፤ አንድ ቃል በሰዋስው መብት አለው ማለት በኑሮ ጉዳት የለውም ማለት አይደለምና።

እስቲ ነገሩን በልደታ ፍርድ ቤት እንመዝነው። አንድ ወጣት በመሥሪያ ቤቱ የደረሰበትን በደል ለማስረዳት ቀርቦ፥ «በሰው ሁሉ ፊት ሙድ ያዘብኝ» ብሎ ቃሉን ሰጠ እንበል። መዝገቡን የሚጽፈው ሰው ምን ይጽፋል? «ቀለደብኝ» ብሎ ቢጽፍ ነገሩ የጨዋታ ይሆናል። «አፌዘብኝ» ብሎ ቢጽፍ ክብርን ይነካል። «ሰደበኝ» ብሎ ቢጽፍ ደግሞ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ተግባር ወደ መሆን ይጠጋል። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ወጣቱ ያለው ግን አንድ ነገር ነው። አማርኛ የማይሰማ ተከሳሽ ኖሮ አስተርጓሚ ቢያስፈልግም ችግሩ ይብሳል። አስተርጓሚው የእንግሊዝኛውን መዝገበ ቃላት ቢከተል «ስሜት ያዘብኝ» የሚል ትርጉም የለሽ ቃል ያወጣል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛው አሠራር ቃሉን እንደ ተነገረ ጽፎ፥ ምን አለህ፥ ምን አደረገህ፥ ማን ሰማ ብሎ መጠየቅ ነው። የቃሉን መጋረጃ የሚገልጠው ይህ ጥያቄ ነው።

መጋረጃ ማለታችን ያለ ነገር አይደለም። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አጥቶ አልተበደረም። አብሮ ለመሳቅ የሚባለው ቀልድ ነው። የቁም ነገርን ክብደት የሚያቃልለው ፌዝ ነው። በጎን የሚወረወረው አሽሙር ነው። በገጽና በአፍ ሰውን ማዋረድ ማላገጥ ይባላል። መራራው ስላቅ ነው። እነዚህ ቃላት ሁሉ የጥፋቱን መጠን ይለካሉ፤ ሰሚውም ማን እንዳጠፋና ምን ያህል እንዳጠፋ ወዲያው ይረዳል። «ሙድ መያዝ» ግን አምስቱንም በአንድ ከረጢት ከትቶ ክብደታቸውን እኩል ያደርጋል። ያላገጠው ሰው «ሙድ ነው እኮ» ሲል ቀልድ መሆኑ ነው፤ የተላገጠበትም ቢቆጣ ጨዋታ የማያውቅ ይባላል። በዚህ አኳኋን ቃሉ ለአጥፊው መሸሻ፥ ለተጎጂው አፍ መዝጊያ ይሆናል።

ይህ የ«ሙድ» ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ «ሼም» የተባለውን ቃል ያየ ይገነዘባል። እፍረትና ይሉኝታ የሚባሉ ከባድ ቃላት ያሉት ሕዝብ ለምን «ሼም» ያስፈልገዋል? «እፍረት የለውም» የተባለ ሰው ተሰድቧል፤ «ሼም የለውም» የተባለው ግን ይስቃል። የባዕዱ ቃል የነገሩን ሸክም ግማሹን አራግፎለታልና። በእኛ ግምት ከመዝገበ ቃላት ፍቺ መውጣቱን ከምንወቅስ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን ይህ ነው፤ ፊት ለፊት ልንጠራው የማንፈልገውን ነገር በተውሶ ቃል መሸፈናችንን።

«ፌዝማ የአማርኛ የቆየ ሀብት አይደለምን?» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው። የአለቃ ገብረ ሐና ጨዋታ እስከ ዛሬ ሲነገር ይኖራል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ሐዲስ ዓለማየሁ ለጉዱ ካሣ የሰጡት አንደበት የመኳንንቱን ወግ እንዴት እንደሚሸነቁጥ አንባቢ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የፌዙን አቅጣጫ ልብ ማለት ያሻል። ጉዱ ካሣ የሚሸነቁጠው ከእርሱ የሚበልጡትን ነው፤ ለሚናገረውም ዋጋ ይከፍላል። የከተማው ሙደኛ ግን ብዙ ጊዜ ዐይኑ የሚያርፈው ከገጠር አዲስ በመጣው፥ በአነጋገሩ ወይም በጫማው በሚለየው፥ «ፋራ» በሚባለው ላይ ነው። «አራዳ» የተባለው የቀድሞው የገበያ ሠፈር ስም ለብልጥ ሰው መጠሪያ ከሆነ ወዲህ፥ ከዚያ ሠፈር ውጭ ያለው ሁሉ መሣቂያ የመሆን ዕጣ ደርሶታል። እርግጥ ነው፥ በሹማምንት ላይም ሙድ የሚይዙ አሉ። ቢሆንም በፊታቸው ሳይሆን ዘወር ሲሉ ነው።

ሌላው ተከራካሪ ደግሞ «የአራዳ ቋንቋ ኀላፊ ነው፤ ቢተዉት በራሱ ይጠፋል» ይላል። ይህ አባባል ስለ ምስጢር ቋንቋዎች ከሆነ የሚያስኬድ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት መጽሐፍ የነጋዴዎችንና የአዝማሪዎችን ልዩ ልሳን መርምረዋል፤ ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደርም እ.ኤ.አ. በ1983 የአዲስ አበባ ሴቶች እርስ በርስ ስለሚነጋገሩበት የምስጢር አነጋገር ጽፈዋል። እንዲህ ያሉት ልሳኖች የሚሠሩት ሌላው ሰው እንዳይሰማ ተብሎ ነው፤ ምስጢሩ ሲወጣ ቃሉ ይጣላል። «ሙድ» ግን እንዲሰማ ተብሎ የሚነገር ቃል ነው። ከተማሪ ወደ ወላጅ፥ ከመንገድ ወደ ሬዲዮ ተሻግሯል። ቅጽልም ወልዷል። ልጅ የወለደ ቃል ደግሞ በቶሎ አይሞትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ስለ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች በመጀመሪያ እንናገር። አማርኛ ከኢዘንበርግ የ1841 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሮ፥ በተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፥ በደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከልም በ1993 ዓ.ም. ታላላቅ መዝገበ ቃላት ታትመውለታል። ሊቃውንቱ የገዳሙንም የገበሬውንም ቃል ለመሰብሰብ የደከሙትን ያህል፥ ተከታዮቻቸው የከተማውን ቃል ለመሰብሰብ ሊያፍሩ አይገባም። ቃሉን መመዝገብ ማለት ማጽደቅ አይደለም። «ሙድ፤ ስም፤ ከእንግሊዝኛ የመጣ፤ በከተማ የመነጋገሪያ ቋንቋ። 1. ስሜት፥ መነሣሣት። 2. ለዛ። 3. ጠባይ፥ አካሄድ። ሙድ ያዘበት፤ አፌዘበት፥ አላገጠበት፤ በእኩዮች መካከል የሚነገር፥ በታላቅ ፊት የማያስከብር» ተብሎ ቢጻፍ ለዳኛውም፥ ለአስተርጓሚውም፥ ለውጭ አገር ተማሪውም መልካም መሪ ይሆናል። በመዝገብ ያልገባ ቃል ግን እንደ ተናጋሪው ፈቃድ ይተረጎማል።

ስለ ደራስያን ደግሞ እንዲህ እንላለን። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የውቤ በረሃን ኑሮ በዚያው ሠፈር አነጋገር ስለ ተረከ ለብዙ ዘመን ሳይታተም እንደ ቆየ ይታወቃል። ዛሬ የሚነበበው የሠፈሩ ቃል የሠፈሩን ሰው ልብ ስለ ገለጠ ነው። አሁን በሚወጡ አንዳንድ ልብ ወለዶች ግን ተራኪውም፥ ሽማግሌውም፥ ዳኛውም፥ ተማሪውም በአንድ አፍ «ሙድ» ሲሉ እናያለን። ይህ ድርሰቱን ዘመናዊ አያደርገውም፤ የባለታሪኮቹን ልዩነት ያጠፋል። ቃሉ በሚገባው ሰው አፍ፥ በሚገባው ሰዓት ሲነገር ግን አንድ ገጽ የሚፈጀውን የጠባይ መግለጫ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይተካል።

የቀረው የመምህራን ድርሻ ነው። ተማሪው «ሙድ ያዘብኝ» ብሎ ሲጽፍ ከመሰረዝ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፤ «ቀለደብህ ነው፥ አፌዘብህ ነው፥ አሽሟጠጠህ ነው ወይስ አላገጠብህ?» ተማሪው ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ ሲያስብ የአማርኛን ሀብት ይቆጥራል፤ የደረሰበትንም ነገር መዝኖ ያውቃል። ምናልባትም ቀልድ ብቻ ነበርና ቁጣው ይበርድለታል። ምናልባትም ከቀልድ ያለፈ ነበርና ለሚመለከተው ሰው የሚያስረዳበት ቃል ያገኛል። ይህ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ከተለመደ፥ ነገ በልደታ ፍርድ ቤት ቃሉን የሚሰጠውም ሆነ የሚቀበለው ሰው በአንድ ከረጢት ውስጥ የታጨቀውን ለመዘርዘር አይቸገርም።